የእንግሊዝኛ አባባሎችን ወደ ቡልጋሪያኛ እንዴት እንመልሳለን?

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ቡልጋሪያ ዋና ከተማ ወደ ሶፊያ የምትሄዱ ከሆነ፣ የለመዳችኋቸውን የእንግሊዝኛ አባባሎች ቃል በቃል አትመልሱ። መጀመሪያ ሐሳቡን በአማርኛ በሉት። አማርኛና ቡልጋሪያኛ ዘመድ አይደሉም። ግን እንግሊዝኛ የሚደባልቃቸውን ብዙ ነገሮች ሁለቱም ይለያሉ።

ሥራው የሚጀምረው ማንን እንደምታናግሩ በመወሰን ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» ለሁሉም ይሆናል። ቡልጋሪያኛ ግን እንደኛው አንቱታ አለው። ጓደኛችሁን «ካክ ሲ?» ብላችሁ ደህንነቱን ትጠይቃላችሁ። ለትልቅ ወይም ለማታውቁት ሰው ግን «ካክ ስቴ?» ነው። ሱቅ ወይም ቢሮ ስትገቡ «ዶበር ዴን» (እንደምን ዋሉ) ካላችሁ በቂ ነው።

ቀጥሎ ተናጋሪው ወንድ ነው ወይስ ሴት? እዚህ ላይ አማርኛችንም አያግዘንም፤ «ራበኝ» ለሁለቱም አንድ ነው። በቡልጋሪያኛ ወንድ «ግላዴን ሰም»፣ ሴት «ግላድና ሰም» ትላለች። «ሰም»ን ልክ እንደ ሻማው ሰም አንብቡት። ይህ አናባቢ ብዙ የውጭ ሰው ይቸግረዋል፣ ለኛ ግን የለመድነው «ኧ» ነው።

ስሜትና ሕመም ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። የእንግሊዝኛውን «አይ አም ኮልድ» ቃል በቃል «ስቱዴን ሰም» ካላችሁት፣ ሰውነቴ ቀዝቃዛ ነው ወይም ስሜት የለኝም እንደማለት ይሆናል። ትክክለኛው «ስቱዴኖ ሚ ኤ» ነው፤ ቃል በቃል «ለእኔ ቀዝቃዛ ነው»፣ ማለትም «በረደኝ»። «ናፈቅከኝ» ወይም «ናፈቅሽኝ» ለማለት «ሊፕስቫሽ ሚ» ይባላል። የሚናፈቀው ሰው እንደ አማርኛው የግሱ ባለቤት ነው። «ራሴን አመመኝ» ደግሞ «ቦሊ ሜ ግላቫታ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ታ» የእንግሊዝኛው «ዘ» ናት። እኛ «ቤት»ን «ቤቱ» እንደምንለው፣ እነሱም ከስሙ ኋላ ይቀጥሏታል።

«ሶሪ»ንም ለሁለት ክፈሉት። መንገድ ለማለፍ ወይም ሰው ስትነኩ «ኢዝቪኔቴ» (ይቅርታ)፣ ክፉ ወሬ ስትሰሙ «ሰዣልያቫም» (አዝናለሁ) በሉ። «ሞልያ» ግን በተቃራኒው ብዙ ሥራ ትሠራለች። እንደ አነጋገሩ «እባክዎ»፣ «ምንም አይደል» ወይም «ምን አሉኝ?» ትሆናለች። ምስጋና «ብላጎዳርየ» ነው፤ ቡልጋሪያውያን ራሳቸው ግን «ሜርሲ»ንም ቀኑን ሙሉ ይላሉ።

የስልክ መተርጎሚያ ስትጠቀሙ ሁለት ነገር አጣሩ። ከአማርኛ ስትጽፉለት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚያልፍ «እርስዎ» ያላችሁት ወደ «አንተ» ሊወርድ ይችላል። ተናጋሪዋ ሴት ብትሆንም በወንድ ጾታ ሊጽፍላት ይችላል። መልሱን ገልብጣችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት። ሐሳቡ ከተለወጠ ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሩና እንደገና ሞክሩ።

በመጨረሻ የሰውን ጭንቅላት ሳይሆን አፉን ተከተሉ። በቡልጋሪያ ባህል ጭንቅላትን ወደ ጎን መወዝወዝ «አዎ»፣ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ «አይ» ማለት ነው። አንዳንዶች ደግሞ የውጭ ሰው ሲያዩ ልማዱን ይገለብጡታል። ስለዚህ «ዳ» (አዎ) ወይም «ኔ» (አይ) እስክትሰሙ ጠብቁ። ካልሰማችሁ «ዳ ኢሊ ኔ?» ብላችሁ ጠይቁ።