አሴምብሊው ለምን የሌላ ሥራ ፓርት ይከፍታል?

ከአውቶካድ (የሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም) ወደ ሶሊድዎርክስ (ዕቃውን በ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሻገሩ ቢሮዎች ሲጠሩኝ ቅሬታው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ሶሊድዎርክስ አበደ» ይሉኛል። አላበደም። ደንብ ሳይጻፍ ሥራ ተጀምሮ ነው።

ምልክት፦ አሴምብሊው፣ ማለትም ፓርት የሚባሉት ነጠላ ክፍሎች የሚገጣጠሙበት ፋይል፣ ሲከፈት ፓርት ይጎድለዋል። ወይም ሁሉም ሞልቶ አንዱ የሌላ ሥራ ፓርት ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ቢያንስ ይጮኻል። ሁለተኛው ዝም ብሎ ነው ጉድ የሚያደርጋችሁ።

መንስኤ፦ የአውቶካድ ልማድ። እዚያ፣ ኤክስሬፍ (ከሌላ ፋይል የሚሳብ ሥዕል) ከሌለ፣ ሥዕሉ አንድ ፋይል ነው፤ የድሮውን ፎልደር ኮፒ አድርጎ መሥራት አይጎዳም። እዚህ ግን አሴምብሊው የፓርቶቹን ስምና አድራሻ ነው የሚያስታውሰው። ፍለጋውን የሚጀምረውም በዚያ ሰዓት ከተከፈቱት ፋይሎች ነው። በዚያ ስም የተከፈተ ካገኘ ያንኑ ያነሳል።

አንድ ቢሮ ያየሁትን ላውራችሁ። ልጁ የድሮ ሥራ ፎልደር ኮፒ አደረገ። የአሴምብሊውን ስም ቀየረ፤ የፓርቶቹን ተወው። የመሠረት ፕሌቱን ከ8 ሚሊሜትር ወደ 12 አሳደገ። ስሙ ግን በሁለቱም ፎልደር «ፕሌት_1» ነው። በነጋታው ለማመሳከር የድሮውን ሥራ ከፈተ፤ እሱን ሳይዘጋ አዲሱን ከፈተ። ባለ 8ቱ ገባ። ማንም ልብ አላለም። ሴቭ ተደረገ፣ ሥዕሉ ወጣ፣ ብረቱ ተቆረጠ። የነቁት ቦልቶቹ 4 ሚሊሜትር ተርፈው ሲወጡ ነው። ከዚያም፣ ሁለቱም ሥራ እንደተከፈተ፣ ፕሌቱን 12 አደረጉት። የተለወጠው የድሮው ሥራ ፕሌት ነበር!

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ፋይንድ ሪፈረንስስን ክፈቱ። እያንዳንዱ ፓርት ከየትኛው ፎልደር እንደመጣ ያሳያችኋል። የሌላ ሥራ ፎልደር ካያችሁ ሁሉንም ዝጉ። አሴምብሊውን በኦፕን መስኮት ምረጡትና ሳትከፍቱት ሪፈረንስስ የሚለውን ተጭናችሁ አድራሻውን አስተካክሉ።

ከዚያ ደንቡን ጻፉት። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ስም ሁለት ፋይል ላይ አይወጣም። እኔ ተራ ቁጥር ብቻ ነው የምሰጠው፤ «የመሠረት ፕሌት» የሚለው መግለጫ ከስተም ፕሮፐርቲ (ከፋይሉ ጋር የሚቀመጥ የመረጃ ሠንጠረዥ) ውስጥ ይገባል። የድሮ ሥራ የሚቀዳው በፓክ ኤንድ ጎ (አሴምብሊውን ከፓርቶቹ ጋር አብሮ በሚቀዳው ትእዛዝ) ነው፣ ለፓርቶቹም አዲስ ስም እየሰጡ። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ስም መቀየር ክልክል ነው። ክልክል! ሪቪዥንም (የእርማት ቁጥር) ስም ላይ አይለጠፍ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል_2»፣ «የመጨረሻ_ፋይናል» ካየሁ ደሜ ይፈላል፤ አሴምብሊው የትኛውን ይፈልግ?

የቀሩትን ባጭሩ፦

ክብደቱ ከሚጠበቀው ስምንት እጥፍ ገደማ ካነሰ ማቴሪያል አልተመረጠም። ፕሮግራሙ በ1000 ኪሎ በሜትር ኪዩብ እያሰላ ነው፤ ብረት 7850 አካባቢ ነው።

ልኩ በ25.4 እጥፍ ከተዛባ ቴምፕሌቱ (አዲስ ፋይል የሚጀመርበት ባዶ ቅጽ) በኢንች ነው። አንድ ቴምፕሌት ብቻ አስቀሩ፤ በየሰው ኮምፒውተር ያለውን አጥፉ።

የላይኛው እይታ ከታች ከወጣ ፈርስት አንግልና ተርድ አንግል (ሁለቱ የእይታ አደራደር ስልቶች) ተምታተዋል። እሱም የሚስተካከለው ቴምፕሌቱ ላይ ነው።

አንድ ልክ ስትነኩ ትሪው (በጎን ያለው የሥራ ደረጃዎች ዝርዝር) ቀይ በቀይ ከሆነ ስኬቹ (ፓርቱ የሚነሳበት ንድፍ) በሰማያዊ መስመር፣ ማለትም ልኩ ሳይሟላ፣ ተትቷል፣ ወይም ቀዳዳው ከፊሌት (ከተጠጋጋ ማዕዘን) ጠርዝ ተለክቷል። መስመሩ ጥቁር ሳይሆን፣ ማለትም ልኩ ሳይሟላ፣ ከስኬች አትውጡ። ፊሌት መጨረሻ ላይ ይግባ።