«ኮምጣጣ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ የቡናን አሲዲቲ ስትቀምሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቡና ጣዕሞች መካከል እንደ አሲዲቲ (ምላስን ቆንጠጥ እንደሚያደርገው ኮምጣጣነት) ስሙ የጠፋ የለም። ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። በአማርኛ «ኮመጠጠ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ስለተበላሸ ነገር እያወራን ነው። ወተት ይኮመጥጣል፤ ያደረ ምግብ ይኮመጥጣል። «አሲድ» ሲባል ደግሞ የሚታወሰን ባትሪና ጨጓራ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይሄ ቡና አሲዲቲው ደስ ይላል» ሲለን ግራ ይገባናል።

እስቲ ብርቱካንን አስቡት። ጣፋጭነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የስኳር ውሃ እንጂ ብርቱካን አይሆንም ነበር። ያቺ ምላስን ቆንጠጥ የምታደርግ ነገር ናት ብርቱካን የምታሰኘው። ቡና ላይም ሥራዋ ይኸው ነው። እኔ ቡና ስቀምስ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው። ግን በቀላሉ አትገኝም፤ የሚከተሉት ስህተቶች ይጋርዷታል።

ስህተት 1፦ ኮምጣጣንና መራራን ማምታታት

ይሄ ከሁሉም የተለመደው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ብዙ ሰው ኮምጣጣ ቡና ቀምሶ «ይመራል» ይላል። የጣዕም ተመራማሪዎችም ሁለቱን ማምታታት የተለመደ መሆኑን ያውቁታል። ሁለቱም ሲበዙ ፊት ያጨማድዳሉ። «ጎምዛዛ» የሚለውን ቃላችንንም አንዱ ለሚኮመጥጥ፣ ሌላው ለሚመር ነገር ይጠቀምበታል። በዚህ ላይ ሦስተኛ እንግዳ አለ፤ አፍን የሚያደርቅና የሚሰበስብ ስሜት። እሱ እንዲያውም ጣዕም አይደለም፤ ምላስና ድድ ላይ የሚሰማ የመዳሰስ ስሜት ነው።

መፍትሔው ሦስት ኩባያ ነው። በአንዱ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጨምሩ። በሌላው ስኳር የሌለው ኮኮዋ በጥብጡ። በሦስተኛው ሻይ ቅጠል ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ ተዉት። አንድ በአንድ ቅመሱ፤ በመሀል አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ። ሎሚው ወዲያው ምራቅ ያመጣል። ኮኮዋው ከዋጣችሁት በኋላም መራራነቱ ይቆያል። የተዘፈዘፈው ሻይም መምረሩ አይቀርም፤ እናንተ ግን ልብ የምትሉት ምላሳችሁን እንደ ጨርቅ ሲያደርቀው ነው። ከዚያ ወደ ቡናው ሂዱና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምራቄ መጣ፣ መራራነቱ ቆየ ወይስ አፌ ደረቀ?

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቡናው አለቅጥ የሚኮመጥጥ ከሆነ አድቅቃችሁ መፍጨት አለባችሁ። የሚመር ከሆነ ደግሞ ሸካራ አድርጋችሁ። ሁለቱን ያምታታ ሰው «ላስተካክል» ብሎ ያባብሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኮምጣጣ የሚታወቀው በምላስ ጎንና ጎን ብቻ ነው» የሚለውን የምላስ ካርታ እርሱት። መነሻው በ1901 የወጣ የጀርመን ጥናት ነው፤ ኋላ ላይ በተሳሳተ መንገድ ተተርጉሞ ተሰራጨ። ጣዕም የሚለዩት የምላስ ክፍሎች ሁሉ አምስቱንም መሠረታዊ ጣዕሞች ያውቃሉ።

ስህተት 2፦ የአዘገጃጀትን ጥፋት ለቡናው መስጠት

ውሃ ቡና ውስጥ ሲገባ አሲዶቹ ቀድመው ይወጣሉ። ጣፋጭነቱን የሚያመጡትና መራራዎቹ ይዘገያሉ። አፈጫጨቱ ሸካራ ከሆነ፣ ውሃው በደንብ ካልሞቀ ወይም ጊዜው ካጠረ፣ ኩባያችሁ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቡና ይወጋል፤ ቀጭን ነው፤ ጣፋጭነት የለውም፤ ቶሎም ይጠፋል። አንዳንዴ ጨው ጨው ይላል።

ያን ቀምሶ «የዚህ ቡና አሲዲቲ አይስማማኝም» ማለት ቡናውን መበደል ነው። አድቅቃችሁ ፍጩት፤ ውሃውን ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርሱት፤ ደግማችሁ ቅመሱ። ጥሩ አሲዲቲ ከሥሩ ጣፋጭነት አለው። ያ ከሌለ ገና አልፍረድ በሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ለሰዓታት እሳት ላይ የቆየ ቡና አለ። ሙቀት ላይ ሲቆይ በውስጡ ያሉ ውህዶች ወደ ኪዊኒክ አሲድ ይለወጣሉ፤ ቡናውም ደስ የማይል ኮምጣጣ ይሆናል። እሱም ከፍሬው የመጣ አሲዲቲ አይደለም።

ስህተት 3፦ ትኩሱን ቀምሶ መፍረድ

በጣም ትኩስ የሆነ ነገር ምላስን ያደነዝዛል። የስፔሻልቲ (ከፍተኛ ጥራት ያለው) ቡና ማኅበር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው የቅምሻ መመሪያ፣ 8.25 ግራም ቡና በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዘፈዘፋል። ቀማሾች ማንኪያ የሚያነሡት ወደ 71 ዲግሪ ሲወርድ ነው። አሲዲቲውን የሚመዝኑት ከ71 እስከ 60 ባለው መካከል ሲሆን፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድም ይመለሱበታል።

ቴርሞሜትር አያስፈልጋችሁም። አንድ ኩባያ ሦስት ጊዜ ቅመሱ፦ ሞቅ እንዳለ፣ ለብ ሲል፣ ሲቀዘቅዝ። ጥሩ አሲዲቲ ሲቀዘቅዝ እየጠራ ይሄዳል። መጥፎው ግን ማንነቱን የሚያወጣው ያኔ ነው።

ስህተት 4፦ «በበዛ ቁጥር ይሻላል» ማለት

አሲዲቲን መውደድ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገባበት ወጥመድ ነው። መጠን አንድ ነገር ነው፤ ጥራት ሌላ። በዚያው የማኅበሩ መመሪያ ቅጽ ላይ የአሲዲቲው ኃይልና ጥራት ለየብቻ ይመዘገቡ ነበር፤ ነጥቡ ይሰጥ የነበረው ለጥራቱ ነው። የኬንያ ቡና ጎላ ባለ አሲዲቲ ይታወቃል፤ የኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ቡና ደግሞ ዝቅ ባለ። ሁለቱም እኩል ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ጥያቄው «ምን ያህል አለው?» ሳይሆን «ከቀረው ጣዕም ጋር ይስማማል ወይ?» ነው።

ስህተት 5፦ በፒኤች መለካት

የቡና ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ ቁጥር) 5 አካባቢ ነው። የብርቱካን ጭማቂ ወደ 3.5፣ ሎሚ ወደ 2 ይጠጋል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበረታል። ስለዚህ ቡና ከብርቱካን በጣም ያነሰ አሲዳማ ነው። ግን ፒኤቻቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ቡናዎች ምላስ ላይ ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። ቁጥሩን ተዉትና ውሃችሁን ተመልከቱ። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ አሲዶቹን ስለሚያለዝብ፣ ምርጥ ቡና እንኳን ደብዛዛ ይሆንበታል።

ስህተት 6፦ «አሲዳማ፣ ጥሩ» ብሎ መዝጋት

እዚህ ጋ ነው እውነተኛው ደስታ ያለው። «አሲዳማ» ማለት «ቀለም አለው» እንደማለት ነው፤ ምን ዓይነት ቀለም? ሲትሪክ አሲድ የሎሚና የብርቱካን ዋና አሲድ ነው። ማሊክ የፖም ነው። አሴቲክ የኮምጣጤ ነው፤ ሲበዛ ቡናውን ያበላሸዋል፤ በጥቂቱ ሲሆን ግን ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ያሰኘዋል። ላክቲክ የእርጎ ነው፤ ለስለስ ይላል።

ሆኖም ፖም ፖም ያላችሁን ቡና «ማሊክ አሲድ አለው» ብላችሁ አትጻፉ። ፖም ያሰኘው መዓዛውም ሊሆን ይችላል። አፍንጫችሁን ይዛችሁ ጠጡ፤ የሚቀረው ኮምጣጣው፣ ጣፋጩና መራራው ነው። አፍንጫችሁን ስትለቁ ፍሬው ከተፍ ይላል። የተሰማችሁን በፍሬ ስም ጥሩት፦ አረንጓዴ ፖም፣ የበሰለ ብርቱካን፣ ያልበሰለ ማንጎ። ከዚያ ሁለት ነገር ጨምሩ፤ ስል ነው ወይስ ክብ? ይቆያል ወይስ ይሸሻል?

«መጀመሪያ እንደ ብርቱካን ለስላሳ፤ ለብ ሲል ወደ ፖም የሚሄድ፤ ከተዋጠ በኋላ ጣፋጭነቱ የሚቆይ።» ይህን ያነበበ ሰው ቡናውን ባይቀምሰውም ያውቀዋል።

ስህተት 7፦ የሰው ቃል መዋስ

የኬንያ ቡና ብላክከረንት ይላል ተብሎ በብዛት ይጻፋል። ፍሬውን በልታችሁ የማታውቁ ከሆነ አትጻፉት። የምታውቁት ፍሬ፣ ትንሽ ቢያንስ እንኳን፣ እውነት ነው። ከሌሎች ጋር ስትቀምሱም በዝምታ ቅመሱና መጀመሪያ ጻፉ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ሎሚ!» ካለ በኋላ ሌላ ነገር ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ማኪያቶና ስኳር የለመደ ሰውም ቢሆን አብሯችሁ ካለ መጀመሪያ እሱ የጻፈውን ያንብብ፤ የለመደ ቀማሽ ያለፈውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው።