የካልክ ሂሳብን በታይፕስክሪፕት እንዴት እናቃልል?

ጅማ ውስጥ ለአንድ ቡና ነጋዴ ድረ ገጽ ስሠራ የሲኤስኤስ ፋይሉ (የገጹን መልክና መጠን የሚወስነው) በካልክ፣ ማለትም መጠንን በሂሳብ በሚያሰላው የሲኤስኤስ ትዕዛዝ፣ ተሞልቶ አገኘሁት። ይህን ሂሳብ የሚያቃልል ኮድ በታይፕስክሪፕት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንጻፍ። አንዱ መስመር 100% - (2 * 8ፒክስል + 4ፒክስል) ይላል። ቅንፉ ውስጥ ያለው 20 ፒክስል ነው፣ አለቀ። የሚቀረው 100% - 20ፒክስል ነው። እዚህ ላይ ቁም! ፐርሰንቱ ስንት ፒክስል እንደሆነ የሚታወቀው ብሮውዘሩ ገጹን ሲዘረጋ ስለሆነ፣ ስልክና ላፕቶፕ ላይም ስለሚለያይ፣ ኮድህ በግድ ልጨርሰው ካለ ዲዛይኑን ያበላሸዋል።

መጀመሪያ የካልኩን ጽሑፍ ቆራርጠው፦ ቁጥር ከነዩኒቱ፣ ምልክት፣ ቅንፍ። መደመርና መቀነስ ግራና ቀኛቸው ክፍት ቦታ የግድ ነው፤ ለማባዛትና ለማካፈል ግን ግድ አይደለም። ከዛ ማባዛትና ማካፈልን አስቀድመህ ዛፍ ሥራ፣ ማለትም የትኛው ስሌት በየትኛው ውስጥ እንዳለ በቅርንጫፍ የሚያሳይ መዋቅር። እያንዳንዱ የዛፉ ክፍል ዓይነቱን የሚናገር መለያ ይኑረው፣ ሁሉንም በአንድ የዩኒየን ታይፕ (ከተዘረዘሩት ዓይነቶች አንዱ ነው የሚል ታይፕ) ሰብስባቸው። ይሄን በጣም ነው የምወደው፤ ለየዓይነቱ የሚሠራውን በሚመርጠው ስዊች መጨረሻ ኔቨር (ምንም ዋጋ የማይቀበል ታይፕ) ካስገባህ የረሳኸውን ዓይነት ኮምፓይለሩ ራሱ ይነግርሃል።

አሁን ከታች ወደ ላይ አቃልል። አንድ ዓይነት ዩኒቶችን ደምር። ኢንች ካለ ወደ ፒክስል ቀይረው፣ 1 ኢንች 96 ፒክስል ነው። ሬም የተባለውን ዩኒት ግን አትንካው፣ በገጹ ዋና ፎንት መጠን ይወሰናል። ፒክስልን በፒክስል ማባዛት ስህተት ነው፣ አንዱ ወገን ዩኒት የሌለው ቁጥር መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅንፍ ሲቀነስ ነው። 100% - (10% + 4ፒክስል) ሲፈታ 90% - 4ፒክስል ይሆናል። የውስጡን ምልክት ካልገለበጥክ ፕላስ 4 ይወጣልሃል፤ በገጹ ላይ ያለው ሳጥን ከሚገባው በላይ የሚሰፋው ለዚህ ነው። የመጀመሪያ ቴስትህን (ኮዱ ትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ) ለዚህ ጻፍ።