የሞተር ቅንብር ተነካክቶ ጭስ ሲበዛ

መኪና ሲያጨስ ጥፋቱን በእርጅና ማሳበብ ይቀናናል። ብዙ ጊዜ ግን ካቻቪቴ የያዘ ሰው አንድ ብሎን አዙሮ ሄዷል።

ምልክት፦ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው መኪና ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል።

ምክንያት፦ የሚኒሞው ድብልቅ ብሎን ተላልቷል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንስ ያልተቃጠለ ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ብሎኑን ይመልከቱት። ብዙ ካርቡራተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ብሎኑ ተደፍኖ ወይም ክዳን ተደርጎበት ነው። ድፍኑ ከተነቀለ ተነክቷል ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ብሎኑን ለመመለስ አይቸኩሉ። ሰው የሚያዞረው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ብልሽት ለመሸፈን ነው፤ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ አየር የሚስብ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ያለቀ ካንዴላ። እነሱ ሳይጠገኑ ብሎኑ ቢታሸግም ነገ ሌላ ሰው ይፈታዋል። ከጥገናው በኋላ ሞተሩን አሙቆ የጭሱን ይዘት በሚለካ የጋዝ መለኪያ ማስተካከል፣ ከዚያ አዲስ ድፍን ማስገባት ነው። «በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ። ሞተር ሚኒሞ ላይ ለጆሮ የሚጥመው ነዳጁ ትንሽ ሲበዛለት ነው።

ምልክት፦ ናፍጣ መኪና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

«ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ የነዳጅ መጠን ብሎን ተከፍቶ ይሆናል። የማኅተሙ ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ ይዩ። ፊልትሮና ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው ጫፍ) ከተፈተሹ በኋላ ፖምፓው በመሞከሪያ ማሽን ተለክቶ እንደገና ይታሸጋል።

ምልክት፦ ቁልፍ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት ጭራሽ አይበራም።

ጤነኛ መኪና ላይ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቱ መታየት አለበት። ካልታየ አምፖሉ ሞቶ ወይም የሞተሩ ኮምፒዩተር ሶፍትዌር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ካታላይዘር (ጭስ ማውጫው ላይ ያለ የጭስ ማጣሪያ) አውጥተው ጥፋቱ እንዳይታወቅ መብራቱን የሚያጠፉ አሉ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ስካነር (ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ መመርመሪያ) የሶፍትዌሩን መለያና የማረጋገጫ ቁጥር ያነባል፤ ከአምራቹ ቁጥር ጋር ካልገጠመ ዋናው ሶፍትዌር መልሶ ይጫናል፤ የተነቀለው ዕቃም ይመለሳል።

ስካነሩ ስህተት ባያሳይም ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ የስህተት ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ሲፈታም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ቀን ነድተው እንደገና ያስነብቡት።