ቢጫ ጀሪካን ለጌም ስትሰሩ ቀለም የተቀባ ብረት እንዳይመስልባችሁ

ጌም አርት የሚማሩ ልጆች ስራ ላይ ሁሌ የማየው በርሜል፣ የእንጨት ሳጥንና ጎራዴ ነው። እስቲ ዛሬ ሁላችንም ቤት ያለውን ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንስራ። ቀላል ይመስላል ግን አይደለም፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ስለሌለ ትንሽ ስህተት ከገባበት ተመልካቹ ለምን እንደሆነ እንኳን ሳያውቅ "ይሄ ነገር ልክ አይደለም" ይላል።

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት እውነተኛውን ጀሪካን ውጪ አውጡትና ደመና ባለበት ሰዓት ፎቶ አንሱት፣ ፀሐይ ላይ ከሆነ ጥላውና ነጸብራቁ ቀለሙን ያጠፋባችኋል። ቂጡን አንሱ፣ እጀታውን አንሱ፣ አፉን ቀረብ ብላችሁ አንሱ፣ በሜትርም ለኩት። ከዛ ደግሞ የማን እንደሆነ ወስኑ፣ ይሄን ነገር በጣም ነው የማምንበት። ከቦኖ ውሃ የሚቀዳበት ነው? በገመድ ታስሮ በጀርባ የሚወጣ ነው ወይስ አህያ ላይ የሚጫን? የት ጋ እንደሚጫር፣ የት ጋ እንደሚቆሽሽ የሚነግራችሁ ይሄ መልስ ነው እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።

ሞዴሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ብሌንደር (የ3ዲ መስሪያው ሶፍትዌር) ላይ 1 ዩኒት 1 ሜትር ስለሆነ በለካችሁት መጠን ስሩት፣ ጠርዞቹን ቤቨል አድርጉ (ሹልነታቸውን ቀንሱ)፣ አሮጌ ጀሪካን ቀጥ ብሎ አይቆምምና ሆዱን ትንሽ ነፋ፣ አንዱን ጎን ትንሽ ጎርበጥ አድርጉት። አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ፣ ጀሪካን የሚሰራው ለሁለት በሚከፈል ሞልድ ውስጥ ፕላስቲክ ተነፍቶ ስለሆነ መሀሉን ዞሮ በእጀታው ላይ አልፎ ቂጡ ድረስ የሚወርድ የመገጣጠሚያ መስመር አለው። እሱን ሃይ ፖሊው (ዝርዝሩ የበዛው ሞዴል) ላይ ስሩና ኖርማል ማፑ (ጎድጓዳና እብጠት የሚያስመስለው ምስል) ላይ ቤክ አድርጉት፣ ማለትም ዝርዝሩን ወደ ምስሉ ገልብጡት። ከጌም ሞተሮቹ አንሪል የሚጠቀመው የዳይሬክትኤክስ የሚባለውን የኖርማል ዓይነት ነው፣ ዩኒቲና ብሌንደር ደግሞ የኦፕንጂኤሉን፣ ከተቀያየረ አረንጓዴው ቻናል ይገለበጥና ጎድጓዳው እብጠት ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ሰው ሰብስታንስ ፔይንተር (ሞዴል መቀቢያው ሶፍትዌር) ላይ ስማርት ማቴሪያል (ጭረትና ቆሻሻ በራሱ የሚጨምር ዝግጁ ቀለም) ጎትቶ ይጥልና ጠርዙ ሁሉ ተፍቆ ከስር ብረት ብቅ ይላል፣ እኔም የመጀመሪያዬን እንደዛ ነበር የሰራሁት። ፕላስቲክ እኮ ውስጡም ቢጫ ነው! ቢጫር ከስሩ የሚወጣ ሌላ ነገር የለም፣ ጭረቱ ራሱ ነጣ ያለ ቢጫ ይሆንና ሻከር ይላል፣ በቃ። ስለዚህ ሜታሊኩ (ብረት መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ቁጥር) ሁሉም ቦታ 0 ነው። ጭረቱንም ጠርዝ ሁሉ ላይ አትበትኑት፣ ሲሚንቶ ላይ ስለሚጎተት ቂጡ ላይ ይበዛል፣ ሲጫን ከሌላ ጀሪካን ጋር የሚፋተግበት ጎን ላይ ይኖራል፣ እጀታው ስር ግን ማንም አይደርስበትም።

ቤዝ ከለሩ (መብራት ያልነካው የዕቃው መሠረታዊ ቀለም) የሎሚ ቢጫ አይሁን፣ ወደ ሰናፍጭ የሚያደላ ነው፣ ፀሐይ የሚመታው ጎን ደግሞ ነጣ ይላል። ጥላ በፍጹም ቤዝ ከለሩ ላይ አትሳሉ፣ ጥላውን ጌሙ ውስጥ ያለው መብራት ይስራው።

አንድ ፕሮፕ (ጌም ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ) እውነት የሚመስለው በአብዛኛው በራፍነስ ማፑ ነው፣ ይሄ የገጹን ሸካራነት የሚወስነው ነው፣ 0 አንጸባራቂ 1 ደብዛዛ፣ ሰው ግን ቀለሙ ላይ ሶስት ሰዓት ይቆይና ራፍነሱን በአንድ ቁጥር ይዘጋዋል። እኔ ሰውነቱን 0.55 አካባቢ አድርጌ ነው የምጀምረው፣ እጀታው እጅ ስለሚያሻሸው ይለሰልሳል ወደ 0.35 አወርደዋለሁ፣ አቧራ ያረፈበትን ወደ 0.9 አወጣዋለሁ፣ ከዛ በጣም ትልቅና ደብዘዝ ያለ ኖይዝ (ወጥ ያልሆነ ዝብርቅርቅ) በትንሹ እጨምርበታለሁ፣ ምክንያቱም በእጅ የተነካካ ነገር ብርሃኑን አንድ ዓይነት አይመልስም። ቀለሙን አጥፍታችሁ ራፍነሱን ብቻ እዩት፣ ያለ ቀለምም የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቀመጥ ካላሳየ ገና ነው።

ቆሻሻው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው በግምት ነው የሚሄደው። አቧራ ከላይ አግድም ያለው ቦታ ላይና ጎድጎድ ባለው ውስጥ ይተኛል፣ ጭቃ ከስር በኩል ይረጫል፣ የጭቃው ቀለምም እንደ ቦታው ነው፣ መረሬ ከሆነ ጥቁር፣ ወደ ደቡብ ከሆነ ቀይ። አፉ ስር ግን ሰው ሁሉ የቆሻሻ መስመር ያወርዳል፣ እውነተኛውን እዩት እስቲ፣ ውሃ ሲሞላና ሲሸከሙት እየፈሰሰ አቧራውን ስለሚያጥበው እዛ ጋ ንጹህ መስመር ነው የሚወርደው! ይሄን አንዷን ነገር ብቻ ብታስተካክሉ ጀሪካኑ ወዲያው ውሃ የተቀዳበት ይመስላል።

ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ ብርሃን ትንሽ ያሳልፋል፣ ውሃው እስከየት እንደደረሰ ከውጪ ይታያል። አንሪል ላይ ሰብሰርፌስ የሚባለውን፣ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን የማቴሪያል ሞዴል ተጠቀሙ፣ ለሞባይል ጌም ከሆነና ከከበደ ከውሃው መስመር በታች ቀለሙን በጣም በትንሹ ጠቆር ማድረግ ይበቃል።

ከዛ የባለቤቱን ምልክት አንድ ወይ ሁለት ብቻ ጨምሩ። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈ አፍ፣ እጀታው ላይ የታሰረ ቀይ ክር፣ ወረፋ ላይ እንዳይቀየር በቀለም የተጻፈ የስም መነሻ ፊደል። ሦስቱንም አንድ ላይ ካደረጋችሁት ዓይን የቱን እንደሚያይ ያጣል።

ብዙ ጀሪካን ቦኖ ጋ መደርደር ከፈለጋችሁ ሃያ ቴክስቸር (ሞዴሉ ላይ የሚለበጥ ምስል) አትስሩ። አንዱን ሜሽ (የሞዴሉን ቅርጽ) አዟዙራችሁ ተጠቀሙ፣ የቢጫውን ንጣትና የአቧራውን መጠን በማቴሪያል ኢንስታንስ (ቁጥሮቹ ብቻ በተቀየሩ የአንዱ ማቴሪያል ቅጂዎች) አቀያይሩ፣ ምልክቶቹን ደግሞ በዴካል (ላዩ ላይ እንደ ስቲከር በሚለጠፍ ምስል) ለየብቻ ለጥፉ፣ ሁለት ሦስቱ ላይ ክር፣ አንዱ ላይ ፌስታል። ጠዋትም ቀትርም ማታም አብርታችሁ እዩት፣ ቀትር ላይ ብቻ ካማረ ራፍነሱን እንደገና ንኩት።