ሶስተኛው ስትራይክ ካመለጠ ኬውን (K፣ የስትራይክአውት ምልክቱን) እንዳትተዉት
አማተር ቤዝቦል ላይ ስኮር የምትይዙ ልጆች ይቺን ያዙልኝ። ሶስተኛው ስትራይክ ከካቸሩ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ ከሚይዘው) እጅ አምልጦ መቺው ፈርስት ቤዝ ቢደርስም ለፒቸሩ (ለኳስ ወርዋሪው) ስትራይክአውት፣ ማለትም መቺውን በሶስት ስትራይክ ማሸነፉ፣ ይመዘገብለታል፣ ብዙ ሰው ግን "አውት ካልሆነማ" ብሎ ይተወውና የልጁ ልፋት ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፣ እኔን በጣም ነው የሚያናድደኝ። ኬ ጻፉና አጠገቡ ኳሷ እንዴት እንዳለፈች ጨምሩበት፣ ካቸሩ በተለመደ ጥረት ሊይዛት የማይችላት ከነበረች ዋይልድ ፒች፣ መያዝ የነበረበት ከሆነ ፓስድ ቦል። ካቸሩ ኳሷን አንስቶ ወደ ፈርስት ቤዝ ወርውሮ መቺውን ካስወጣው ደግሞ ኬ 2-3 ነው (2 ካቸሩ፣ 3 የፈርስት ቤዝ ተጫዋቹ)። አንድ ቡድን 3 አውት እስኪሆንበት ብቻ በሚመታበት ኢኒንግ 4 ስትራይክአውት ሊኖር የሚችለው በዚህ ነው፣ ስህተት መስሏችሁ እንዳትሰርዙ! መቺው መሮጥ የሚችለው ፈርስት ቤዝ ባዶ ሲሆን ወይ ደግሞ 2 አውት ሲኖር ነው፣ የትንንሽ ልጆች ሊግ ላይ ህጉ ጭራሽ ላይኖርም ስለሚችል ቀድማችሁ ዳኛውን ጠይቁ።

ሌላ ደሞ፣ የተመታችው ኳስ ተከላካይ ሳይነካት ሯጭ ላይ አርፋ ሯጩ አውት ከተባለ ለመቺው ሂት (በምቱ ቤዝ እንዳገኘ) ይጻፍለታል፣ ፑትአውቱ (ሯጩን የማስወጣቱ ምዝገባ) ለኳሷ ቅርብ ለነበረው ተከላካይ ነው። ኢንፊልድ ፍላይ (ኳሷ ባትያዝም ዳኛው መቺውን አውት የሚልበት ቀላል ከፍ ያለ ምት) ከተጠራ ግን ሂት የለም።