ክኒን ፊደል አያስቆጥርም፤ ትኩረት ለሚያንሳቸውና ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

በምሥራቅ ጎጃም የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ሆኜ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁትና ዛሬም የሚያንገበግበኝ ስህተት፣ ለትኩረት ማነስ የታዘዘ መድኃኒት ንባብንም ያቃናል ብሎ መጠበቅ ነው። ሜቲልፌኒዴትን የመሰለ መድኃኒት ልጁ ረግቶ እንዲቀመጥና የጀመረውን እንዲጨርስ ያግዘዋል፤ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማዛመድ ግን አያስተምረውም። ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ማንበብን የሚያከብድ የመማር ችግር፣ ያለበትን ልጅ የሚያስቸግረው ደግሞ ይኸው ማዛመድ ነው። ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ስለሚገኙ፣ አንዱ ሲታከም ሌላውም የታከመ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ፣ ሁለቱም ችግሮች ያሉባቸው 216 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ያሳየው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱና የወላጆች ሥልጠናው ትኩረትን አሻሻሉ፣ የንባብ ትምህርቱ ንባብን አሻሻለ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አልሠራም።

አንዲት እናት «ሳያቋርጥ እየዋጠ ለምን አያነብም? ሐኪሙ ይጨምርለት እንጂ» ብለውኛል። «እናቴ፣ ልጅዎ ፊደሉን ገና አልለየም፤ መጠኑ ቢጨመር የምግብ ፍላጎቱና እንቅልፉ ይጎዳ እንደሆነ እንጂ ፊደሉን አያውቀውም» አልኳቸው። የክኒን መጠን የሚጨመረው ሐኪሙ የትኩረቱን ሁኔታ አይቶ ነው፤ ማንበብ ስላቃተው አይደለም።

ልጁ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ስለዘለቀ ፊደል ቆጥሯል ማለትም ብዙ ልጆችን ጎድቷል። 33ቱን ፊደላት በ7 ድምፅ የሸመደደ ልጅ «ሮ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ«ረ» ጀምሮ እየቆጠረ ይደርስባታል፤ ያወቀው ዜማውን ነው። የኔታ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳ ሲያስቆጥሩ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ረድፉ ስለሚፈርስ የዜማው ድጋፍ ይቀንሳል፤ እኔም ፊደሎቹን በካርድ ጽፌ፣ አደባልቄ፣ ጥቂት ጥቂቱን አሳያለሁ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ በጭረት ብቻ ስለሚለዩ በአንድ ቀን አብረው አይቅረቡ፤ አንዱ ሳይጸና ሌላው ከመጣ ልጁ ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ሰዓቱንም ልብ የሚል ጥቂት ነው። አጭር ጊዜ የሚሠራው የሜቲልፌኒዴት ክኒን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ስለሚያገለግል፣ ጠዋት 1 ሰዓት የዋጠውን ልጅ ማታ በኩራዝ አስቀምጦ ማስነበብ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ መልፋት ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ከሆነ የመዋጫውን ሰዓት ራሳችሁ አትቀይሩ፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ምሳ ላይ የምግብ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ቁርስ ሳይበላ አይዋጥ፣ ክብደቱና ቁመቱም በየጊዜው ይለካ።

ዓይኑና ጆሮው ሳይመረመሩ ዲስሌክሲያ ነው አይባልም። ለአንዱ የታዘዘውን ክኒን ለወንድሙ ማካፈል ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ሐኪሙ ስትመለሱ «ለውጥ የለም» ብላችሁ አትቅሩ። ስንት ደቂቃ ረግቶ እንደተቀመጠ አንድ ገጽ ላይ፣ የትኞቹን ፊደላት ከመካከል ሲያሳዩት እንደለየ ሌላ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ለሐኪሙ፣ ሁለተኛውን ለመምህሩ አሳዩ።